ካሜራው ተቀየረ፤ ነጋቲቩስ?

ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ፊልምን የተወው ጠልቶት አይደለም፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ አስመርሮት ነው። ብራዚላዊው ፎቶግራፍ አንሺ በ2004 «ጄኔሲስ» ብሎ የሰየመውን ረጅም ሥራ ሲጀምር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው) ሻንጣው በፊልም ጥቅልል የታጨቀ ነበር። ከመስከረም 2001 የአሜሪካ ጥቃት በኋላ ግን በየአገሩ ፍተሻው ጠበቀ። አንድ ጥቅልል ከፓሪስ ተነስቶ፣ ሁለት ሦስት አገር አቋርጦ፣ ተመልሶ እስኪታጠብ ድረስ ኤክስሬይ ውስጥ ደጋግሞ ያልፋል። አንዴ ቢያልፍ ምንም ላይሆን ይችላል። ሲደጋገም ግን ፊልሙ ይጎዳል፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ግራጫዎች፣ የሳልጋዶ ሥራ ነፍስ የሆኑት እነዚያው፣ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ሰውየው በየበሩ ከጠባቂ ጋር መከራከር ሰለቸውና በ2008 ዲጂታል ካሜራ አነሳ።

ኢትዮጵያ ለሳልጋዶ እንግዳ አገር አልነበረችም። በኢኮኖሚክስ ተምሮ በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ሲሠራ ቆይቶ ነው ወደ ካሜራ የዞረው። በ1984ቱ ረሃብ ኮረም መጠለያ ውስጥ ያነሳቸው ፎቶዎችም እስካሁን የሚታዩ ናቸው። በ2008 የተመለሰው ግን ለተራሮቹ ነበር። ከላሊበላ ተነስቶ አህያ አስጭኖ፣ በጥንቱ የእግር መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ዘለቀ።

የዚህ ሰው ታሪክ ደስ የሚለው ዲጂታል ካሜራ ከያዘ በኋላ ባደረገው ነገር ነው። ኮምፒውተር ላይ ፎቶ መምረጥ አልሆነለትም። ስለዚህ የዲጂታል ፎቶዎቹን ልክ እንደ ድሮው በቴምብር መጠን በወረቀት ላይ ደርድረው እንዲያትሙለት አደረገ፤ የሙያው ሰዎች ኮንታክት ሺት የሚሉትን ማለት ነው። ከዚያ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ አንድ በአንድ እያየ ይመርጣል። ለዓመታት የሠራበት የኮዳክ ትራይ-ኤክስ ፊልም ቅንጣት በሶፍትዌር ፎቶው ላይ እንዲመጣ አደረገ። በመጨረሻም ከተመረጡት የዲጂታል ፋይሎች እውነተኛ ነጋቲቭ አሠራባቸው፤ ከነጋቲቩም በጨለማ ክፍል፣ የብር ኬሚካል በተቀባ ወረቀት ላይ አሳተመ። ዲጂታሉን መልሶ ፊልም አደረገው እንደ ማለት ነው። ሳልጋዶ በግንቦት 2025 ፓሪስ ውስጥ በ81 ዓመቱ ሲያርፍ የ«ጄኔሲስ» ሥራዎች ከፊሎቹ ከፊልም፣ ከፊሎቹ ከዲጂታል የተገኙ ነበሩ። የቱ የትኛው እንደሆነ ኤግዚቢሽን ላይ ቆሞ በዓይን መለየት የሚችል ተመልካች ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ «ፊልም ይሻላል ወይስ ዲጂታል?» የሚለው የቡና ላይ ክርክር ትልቁን ጉዳይ ይስታል። ክርክሩ ሁሌ የሚጀምረው ከካሜራው ነው፤ የቱ ይጠራል፣ የቱ ቀለሙ ያምራል። የሳልጋዶ ውሳኔ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። የሚነሳበትን ቀየረ፤ የሚመረጥበትንና የሚቀመጥበትን አልቀየረም። አብዛኛው ሰው፣ እኛ ዘንድም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ነው የጣለው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግና ምርቃት እያነሳ የሚያድር ባለሙያ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ በምን ይነሳ የሚለውን፣ ከዘጋው ቆይቷል፤ ደግሞም ልክ ነው። አንድ ጥቅልል የሚይዘው 36 ፎቶ ነው። ሙሽራዋ ዓይነ ርግቧን ስታነሳ 37ኛው ላይ ከሆነ ጥቅልል እስኪቀየር አትጠብቅም። ፊልሙ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ይታተማል፤ ሦስቴ ገንዘብ ይወጣል፤ ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኖ እንደነበር የሚታወቀው ግን ሦስቱም ከተከፈሉ በኋላ ነው። ዛሬ ያው ፎቶ ወዲያው ከካሜራው ጀርባ ይታያል። ለእንጀራው የሚሠራን ሰው ፊልም ላይ ቆይ ማለት የባለ ታክሲን ሞተር አውልቆ ፈረስ እንደ መስጠት ይሆናል።

የሚገርመው ይህን ሞተር የፈጠረው ራሱ የፊልሙ ቤት መሆኑ ነው። ስቲቨን ሳሶን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ በ1975 ሠርቶ ያሳየው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ ነበር። አንዱን ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ጥራቱም 0.01 ሜጋፒክስል። ኮዳክ ሐሳቡን አልጣለውም፤ ግን ፊልሙ ያበላው ነበርና ቶሎ አልሮጠበትም። በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ ለመጠለል ፍርድ ቤት ሄደ።

ይሁንና ታሪኩ በዚያ አልተቋጨም። በቅርብ ዓመታት ወጣቶች ወደ ፊልም እየተመለሱ ነው፤ አምራቾቹም ሰምተዋል። ላይካ ኤም 6 የተባለውን የድሮ ካሜራውን በ2022 እንደገና አወጣ፤ ፔንታክስ በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ ይዞ ብቅ አለ። የአያቱን ካሜራ ከሣጥን አውጥቶ አቧራውን የሚያራግፍ የሃያ ዓመት ልጅ እዚህም አይጠፋም። ይህን ልጅ መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ከመጀመሩ በፊት ማወቅ ያለበት አለ፤ ፊልም ካሜራና ጥቅልል ብቻ ሳይሆን ሰንሰለት ነው።

ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት መንገዱ ነው። ፊልም አገር ውስጥ አይመረትም፤ ከመደብር የሚገዛበት ቦታ ሲጠፋ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል። ሳልጋዶን ያስመረረው ማሽን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ብሶበታል። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች የገቡት አዲሶቹ የሲቲ (CT) መፈተሻዎች ከድሮው ኤክስሬይ የበረቱ ናቸው፤ ያልታጠበ ፊልምን አንዴ በማለፍ ብቻ ሊያበላሹ እንደሚችሉ ኮዳክ ራሱ አስጠንቅቋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለወንድም ልጅ ፊልም የሚያመጣ ሰው ጥቅልሉን ከሻንጣ አውጥቶ በእጅ እንዲፈተሽለት መጠየቅ አለበት። ያም እንደ ፈታሹ ፈቃድ ነው።

ሌላው ቀለበት ማጠቢያው ነው። ባለ ቀለም ነጋቲቭ የሚታጠብበት ኬሚካል 38 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ መሥራት አለበት፤ ሙቀቱ ሲዛነፍ ቀለሙ አብሮ ይዛነፋል። የላቦራቶሪ ማሽን ደግሞ ሥራ ካልበዛለት ኬሚካሉ ቆሞ ይበላሻል። ደንበኛ ሲቀንስ ጥራት ይወርዳል፣ ጥራት ሲወርድ ደንበኛ ይቀንሳል፤ የፊልም ላቦራቶሪዎች በየአገሩ የሞቱት እንዲህ ነው። ጥቁርና ነጭ ቤት ውስጥ ማጠብ ይቻላል፤ ይሁንና ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን ውሃ ነጋቲቭ ለማለቅለቅ የሞከረ ሰው የቀለለውን መንገድ እንዳልመረጠ ቶሎ ይገባዋል።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ኮዳክሮም አሳይቷል። ከ1935 ጀምሮ የዓለምን መጽሔቶች ያስዋበው ይህ ፊልም በ2009 ማምረቱ ቆመ። የሚያጥበው የመጨረሻው ላቦራቶሪ በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር፤ እሱም በታኅሣሥ 2010 መጨረሻ ጥቅልል መቀበሉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ በየመሳቢያው የቀሩት ያልታጠቡ ጥቅልሎች ውስጥ ያለው ቀለም በዚያ መንገድ ሊወጣ አይችልም። ፊልሙ አለ፤ ፎቶው ተነስቷል፤ የሚከፍተው ቁልፍ ግን የለም።

ስለ ፊልም ቀለም የሚነገረውን ናፍቆትም በልክ መውሰድ ይበጃል፣ በተለይ ለእኛ። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለላቦራቶሪዎች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ነበረው። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ» ይሏታል። የማተሚያው ቀለም ትክክል ነው የሚባለው የሸርሊ ቆዳ ሲያምር ነው። የቀይ ዳማና የጠይም ፊት ግን በዚያ ሚዛን ሲመዘን ጨለማ ውስጥ ይወድቃል። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ ጉዳዩን ስታጠና ያገኘችው ነገር ያስቃልም ያናድዳልም፤ ኮዳክ ለቡናማ ቀለም ትኩረት እንዲሰጥ ቀድሞ የገፋው የጥቁር ሰዎች አቤቱታ ሳይሆን የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ነበር። የቸኮሌቱ ዓይነት፣ የእንጨቱ ዓይነት በማስታወቂያ ላይ አልለይ አላቸው። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ካርዱ ላይ አብረው የታዩት በ1990ዎቹ ነው።

ከዚያ በፊት የተነሳ የቤተሰብ አልበም የገለጠ ሰው ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል። ጠይሟ አክስትና ቀይዋ ጎረቤት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ከተነሱ፣ የአንዷ ፊት ይታያል፤ የሌላዋ ጥርስና የዓይን ነጭ ብቻ ይቀራል። ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ይመስል ነበር።

ዲጂታልም ንጹሕ አይደለም። ስልኮች ፊትን ያለ ፈቃድ ሲያነጡ ማየት የዕለት ተዕለት ነው። ልዩነቱ ዛሬ ማስተካከያው በፎቶ አንሺው እጅ መሆኑ ነው፤ ሌላ አገር በተቀመጠች ሸርሊ አይወሰንም። በአንጻሩ ፊልም አንድ ነገር ላይ ቸር ነበር። ጃንሜዳ በጥምቀት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ መሃል የቆመ ሰው ባለ ቀለም ነጋቲቭ ከጫነ ብርሃን ትንሽ ቢያበዛም የነጠላው ጥለትና ክር ነጋቲቩ ውስጥ አለ። ዲጂታል ሴንሰር ግን መጠኑ ካለፈ ነጩን ጨርሶ ያቃጥለዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ መረጃ የለም፣ በኮምፒውተርም አይመለስም። ስለዚህ ልምድ ያለው ዲጂታል አንሺ ለነጠላው ብርሃን ቀንሶ ያነሳና ፊቱን ኋላ ያበራዋል። ይህን ሳይማሩ ከፊልም ወደ ዲጂታል የተሻገሩ ብዙዎች የመጀመሪያ የጥምቀት ፎቶአቸው ላይ ነጭ ቀዳዳ ነው ያገኙት።

እንግዲህ ወደ መምረጡ። ፊልም ወዳዶች «36 ፎቶ ብቻ ስላለህ አስበህ ታነሳለህ» ይላሉ። እውነት አለው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ጋሪ ዊኖግራንድ የተባለው የኒውዮርክ የጎዳና ፎቶ አንሺ በ1984 ሲሞት 2,500 ያህል ያልታጠቡ ጥቅልሎች ትቶ ነው። በ36 ሲባዛ ዘጠና ሺህ ገደማ፣ ራሱ ያላያቸው ፎቶዎች። ያለ ልክ የሚያነሳ ሰው በፊልምም ያለ ልክ ያነሳል። ዲጂታል ያደረገው የዊኖግራንድን ችግር ለሁሉም ሰው ማዳረስ ነው።

አሁን ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በሁለት ካሜራ፣ ከሙሽራዋ ቤት እስከ መልሱ፣ ሺህ ሁለት ሺህ ፎቶ ይነሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው ነገሩ። ከዚያ የሚመርጥ ይጠፋል። ፎቶ አንሺው «እናንተ ምረጡና ላኩልኝ» ይላል፤ ሙሽሮቹ ሁለት መቶ አይተው ይደክማሉ፤ ልጅ ተወልዶ ክርስትና ሲነሳ የሰርጉ አልበም «ገና ነው»። ድሮ የፊልሙ ዋጋ የሚመርጠውን ዛሬ የሚመርጠው ሰው መሆን አለበት፤ መምረጥ ደግሞ ሥራ ነው፣ ሊከፈልበትም ይገባል። ሳልጋዶ ማጉያ መነጽሩን ያልተወው ለዚህ ነው። ከፎቶ አንሺ ጋር ዋጋ የሚነጋገር ቤተሰብ ስንት ፎቶ እንደሚነሳ ከመጠየቅ ይልቅ ስንት ተመርጦ፣ ስንት ታትሞ እንደሚሰጠው ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ማስቀመጡ ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዲጂታል አድናቂዎች ጋር የሚለያየው። የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ የደጃዝማች ዓለማየሁን ፎቶ የማያውቅ የለም። በ1868፣ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ በተወሰደ በወራት ውስጥ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ዋይት ደሴት ላይ አስቀምጣ አነሳችው፤ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ዓይኑ የከበደ። ካሜሮን የሠራችው በመስታወት ላይ በተቀባ ኬሚካል ነበር። የወረቀት ህትመቶቹ ለንደን ቤተ መዘክሮች ውስጥ ዛሬም አሉ። ከ150 ዓመት በላይ ማንም ፓስዎርድ ሳያስታውስ፣ ማንም ሶፍትዌር ሳያድስ።

ይህ ፊልምን ቅዱስ አያደርገውም። ጥቁርና ነጭ በብር ስለሚሠራ በደንብ ከታጠበ ዕድሜ አለው፤ የ1970ዎቹ ባለ ቀለም ህትመት ግን በየቤቱ ወደ ቀይ ተለውጧል። ነጋቲቭም ይቃጠላል፣ ይሻግታል፣ አይጥ ይበላዋል። በማስቀመጥ በኩል ፊልም ያለው ጥቅም አንድ ነው፤ ቸል ቢሉትም ይቆያል። ካርቶን ውስጥ ተረስቶ አርባ ዓመት ይኖራል። ሃርድ ዲስክ ግን ተረስቶ አይኖርም፤ በየጊዜው ወደ አዲስ ካልተገለበጠ አንድ ቀን አልነሣም ይላል። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በ2007 ባወጣው ጥናት የአንድን ፊልም ዋና ቅጂ በፊልም ለማቆየት በዓመት 1,059 ዶላር፣ በዲጂታል ለማቆየት 12,514 ዶላር እንደሚያስፈልግ አስልቷል። የማከማቻ ዋጋ ከዚያ ወዲህ ወርዷል፤ የመገልበጡ ግዴታ ግን አልቀረም። የፊልም አዘጋጁ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተሠራና በ1976 የወጣ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ሊታደስ የቻለው የሚታደስ ፊልም ስለነበረ ነው።

እኛ ቤት ያለው ማስቀመጫ ፍላሽ ነው። የልጁ ልደት፣ የእናት ተዝካር፣ የአባት የመጨረሻ ፎቶ፣ ሁሉም በአንድ ፍላሽ፤ ፍላሹም መሳቢያ ውስጥ ከቁልፎች ጋር። ወይም ስልክ ውስጥ፤ ስልኩ ሲሰረቅ የሚያስለቅሰው ከዋጋው ይልቅ ፎቶው ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚመክሩት ቀላል ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ዘመድ አሜሪካ ወይም እስራኤል ላለው ቤተሰብ ሦስተኛው ቅጂ የሚቀመጥበት ቤት ችግር የለም፤ ፊልም ከዚያ ሲመጣ፣ ቅጂው ከዚህ ይሂድ። በዓመት ሃያ ፎቶ መርጦ በወረቀት ማሳተም ደግሞ አራተኛው ነው፤ ከአራቱም ረጅም ዕድሜ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁሉ ላይ እስካሁን ያልተወሰነው ውሳኔ የትኛውን ካሜራ እንግዛ አይደለም። ቀድሞ የተነሱት ነጋቲቮች ምን ይሁኑ የሚለው ነው። ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ያነሱት አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ገብቷል። የቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ፣ ወታደር ከነሚስቱ ሲያነሳ፣ በዓል ሲመጣ ከመጋረጃው ፊት ልጆች ሲደረድር የኖረው የሰፈር ፎቶ ቤት ግን በየትም አልተመዘገበም። ነጋቲቩን ቁጥር ሰጥቶ፣ ደረሰኙ ላይ ጽፎ ያስቀምጥ ነበር። ቤቱ ለግንባታ ሲፈርስ ወይም ልጆቹ ወደ ሌላ ሥራ ሲዞሩ ያ ካርቶን ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል የታተመው መጽሐፍ ከቤተሰብ አልበሞች የተሰበሰቡ ፎቶዎችን ይዞ ሲወጣ፣ ሰዎች ገጽ እየገለጡ የሰው አክስት የራሳቸው አክስት መስላ ስትታያቸው፣ ካርቶኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ገና ያኔ የገባው ብዙ ነው።

የቤቱን ነጋቲቭ ማዳን የሚፈልግ፣ ግን ስካነር የሌለው ሰው ለመጀመር ያህል ስልክ ይበቃዋል። የላፕቶፑን ስክሪን ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቶ ማድመቅ፣ ነጋቲቩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ከፊቱ መያዝ፣ ጥርት እስኪል ቀርቦ ማንሳት፣ ከዚያ ፎቶ ማስተካከያው ውስጥ ቀለሙን መገልበጥ። ጥቁር የነበረው ነጠላ ይነጣል፤ ነጭ የነበረው ፀጉር ይጠቁራል፤ የጠፋው ፊት ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ዕድሜ የጠገቡት ደግሞ መነጽራቸውን እየፈለጉ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይቺማ እሷ ናት» ይላሉ።